ዕጣ የሌለው እቁብ

እቁባችን ዕጣ የለውም። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ቅጣት አለው፣ ቡናም ይፈላበታል፤ ዕጣ ግን አይወጣበትም። በዓመት አራት ቀን፣ በአብዛኛው ሚያዝያ 7፣ ሰኔ 8፣ መስከረም 5 እና ጥር 7፣ ሁላችንም በአንድ ጊዜ እናነሳለን። ያነሳነውንም እዚያው በተቀመጥንበት ለአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ ለአይ አር ኤስ፣ እንልካለን። አባላቱ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ በየሰው ቤት እየዞርን የምናጸዳ ሴቶች ነን፤ አብዛኞቻችን ከሐራ፣ ከመርሳ፣ ከወልድያና ከሐብሩ ገጠር የመጣን። ከሲያትል፣ ከዴንቨር፣ ከዳላስ እየደወሉ «እንዴት አድርጋችሁ ጀመራችሁት?» የሚሉን እህቶች ስለበዙ ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

ሐራን የማያውቅ ሰው ስሟን የሰማው ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ ድረስ ከተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ጋር ሊሆን ይችላል። እኛ ስናድግ ግን ሐራ ማለት ሙቀት፣ ገበያና ዐረብ አገር የሄደች እህት ነበረች። በየቤቱ ሳዑዲ ወይ ኩዌት ወይ ቤይሩት ያለች አንዲት ልጅ አትጠፋም ነበር። ስለዚህ ቤት ማጽዳት አሜሪካ ያስተማረን ሥራ አይደለም፤ ብዙዎቻችን ጅዳና ሪያድ ላይ የለመድነው ነው። እዚያ ሠራተኛዋ የምትኖረው ከፊል በሚባለው አሠሪ ስም ነበር። የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ማለት ኢቃማዋን፣ የሚያወጣላት እሱ፣ ፓስፖርቷን የሚይዘው እሱ፣ ደመወዟን አንዳንዴ በወሩ አንዳንዴ ዓመት አቆይቶ የሚሰጣት እሱ። ምን ያህል እንደሠራችና ስንት እንዳገኘች የሚናገር ወረቀት በእጇ አይገባም ነበር። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ኢትዮጵያውያንን በገፍ መመለስ ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው አገሩ ገብቷል። ከእነሱ መካከል ዕድሜያቸውን እዚያ ጨርሰው የመጡ የሰፈሬ ልጆች ነበሩ። ፌስታልና ብርድ ልብስ ይዘው ወረዱ፤ ያን ሁሉ ዓመት መሥራታቸውን የሚመሰክር ብጣሽ ወረቀት ግን አልነበራቸውም።

ግብርንም የምናውቀው በሌላ ገጹ ነው። አገር ቤት ግብር የነጋዴ ጉዳይ ነበር። ሐምሌ ሲገባ ደረጃ ሐ የሚባሉት ባለ ትንንሽ ሱቆች ቁርጥ ግብራቸውን ሊከፍሉ ይሰለፉ ነበር። ቁርጡን የሚያወጣው ባለሱቁ ሳይሆን ገማቹ ነበር፤ ይመጣል፣ መደርደሪያውን ያያል፣ «የቀን ሽያጭሽ ይህን ያህል ነው» ብሎ ጽፎ ይሄዳል። በ2009 ዓ.ም. ክረምት በቀን ገቢ ግምት ምክንያት በብዙ ከተማ ሱቅ የተዘጋበትን ጊዜ አንባቢ ያስታውሰዋል። የቤት ሠራተኛዋን ደግሞ ጭራሽ የሚቆጥራት የለም። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 እንኳ የሰው ቤት ሥራን ወደፊት ለሚወጣ ደንብ ትቶት አልፏል። እንግዲህ ከዚህ የመጣች ሴት አሜሪካ ገብታ «ገቢሽን ራስሽ ጻፊ፣ ወጪሽን ራስሽ ቀንሺ፣ ከታች ፈርሚ» ስትባል ግራ ቢገባት ምን ይፈረድባታል?

በእኛ መካከል ነገሩን የጀመሩት እትዬ የምንላቸው የመርሳ ሴት ናቸው። ዋሽንግተን የገቡት የአንድ ዐረብ አገር ዲፕሎማት ቤተሰብ ይዟቸው ነው። ዲፕሎማቶች ሠራተኛቸውን ይዘው የሚገቡበት ኤ-3 የሚባል ቪዛ አለ፤ የዓለም ባንክና የአይ ኤም ኤፍ ሰዎች ደግሞ ጂ-5 በሚባለው ያመጣሉ። ለዚህ ነው በዋሽንግተን ዙሪያ ካሉት አንጋፋ የቤት ሠራተኞቻችን ጥቂት የማይባሉት በእንዲህ ያለ በር የገቡት። እትዬ ከዚያ ቤት ወጥተው ወረቀታቸውን ካስተካከሉ በኋላ በራሳቸው ቤት ለቤት ማጽዳት ጀመሩ። ፊደል የቆጠሩት በደርግ ዘመን መሠረተ ትምህርት ነው፤ እንግሊዝኛ አይጽፉም። ደብተር ግን ይይዛሉ። ባለ መስመር የተማሪ ደብተር ነው፣ ጠርዙ በፕላስተር የተጠገነ። አንዱን ገጽ እንዳለ ብገለብጠው እንዲህ ይላል፦ «ሰኞ። ቤቴዝዳ፣ ነጭ ውሻ ያለበት ቤት። 160፣ ቼክ። ከዚያ ቼቪ ቼዝ፣ አሮጊቷ ጋ፣ 4 ማይል። 120፣ በእጅ። በረኪናና ጓንት 23 ከ40፣ ደረሰኙ ከኋላ።» የፈረንጆቹን ስም መጻፍ ስለሚያስቸግራቸው ቤቱን በውሻው፣ በደረጃው ብዛት፣ በበሩ ቀለም ይጽፉታል። እሁድ ማታ ይደምራሉ፤ ወሩ ሲያልቅ ድምሩን በቀይ እስክሪብቶ ያከብቡታል።

ይህን ደብተር ይዘው በአርሊንግተን ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ቢሮ ያለው ሐበሻ ታክስ ሠሪ ጋ ሲሄዱ ልጁ ምንም የሚጠይቃቸው አልነበረውም። ስኬጁል ሲ የሚባለው የራስ ሥራ ቅጽ ከላይ የገባውን፣ ቀጥሎ የወጣውን፣ በመጨረሻ የተረፈውን ነው የሚጠይቀው። የእትዬ ደብተር ያንኑ በአማርኛ ይዞታል። ማይሉም ቢሆን ከቤታቸው እስከ መጀመሪያው ደንበኛ ያለውን ሳይሆን ከአንዱ ደንበኛ ወደ ሌላው ያለውን ብቻ ነው የሚመዘግቡት፤ ሕጉም በአብዛኛው የሚቀበለው እሱን ነው። ማን እንደነገራቸው ጠይቄያቸው ነበር። «ወደ ሥራ መሄድማ ሁሉም ሰው ይሄዳል፤ በሥራ መካከል የነዳሁት ነው የሥራው» አሉኝ።

ደብተሩ ከእትዬ እጅ ወጥቶ ወደ ሁላችን የደረሰው በቅሬው ነው። በወር አንዴ አንዷ ቤት እንሰበሰባለን፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ እንደ ወሎ ወጉ። ዱዓ ይደረጋል፣ አቦልና ቶናው ይወርዳል፣ በረካው ላይ የየሰዉ ጉዳይ ይነሣል። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ስለ ታክስ ለመስማት የፈለገ ሰው አልነበረም። ሥራው በካሽ ነው፣ ማን ያየዋል የሚል ሐሳብ ነበር። ነገሩን የለወጠው የቅጣት ፍርሃት ሳይሆን የእናት ጉዳይ ነው።

የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ሰሜን ወሎ ሲገባ ስልክ ተቋረጠ። ወልድያ ያለው ወልድያ፣ ሐራ ያለው ሐራ ቀረ፤ ለወራት የእናቱን ድምፅ የሰማ ሰው የለም። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. መንገዱ ሲከፈትና ስልኩ ሲመለስ፣ ዜግነት ያላት ሁሉ አንድ ሐሳብ ነው የነበራት፤ እናቴን ላምጣ። እናትን ለማምጣት ደግሞ አይ-864 የሚባል የዋስትና ቅጽ አለ። ቅጹ «እኔ አስተዳድራታለሁ፣ በመንግሥት ላይ አትወድቅም» የሚል ቃል ማስገቢያ ነው፤ ቃሉ የሚታመነው የቅርቡ ዓመት የታክስ ወረቀት ሲያያዝበት ነው። የቤተሰቡ ገቢ መንግሥት በየዓመቱ ከሚያወጣው የድህነት መስፈርት 125 ከመቶ መድረስ አለበት፤ በፈረንጆቹ 2025 ለሁለት ሰው ቤተሰብ 26,437 ዶላር ገደማ ማለት ነበር። ከእኛ መካከል በቀን ሦስት ቤት የምታጸዳ፣ ኪራይዋን የማታስተጓጉል፣ አገር ቤት ደርዘን ሰው የምትረዳ አንዲት የሐራ ልጅ አለች። በወረቀት ግን ገቢ የላትም ነበር፤ ታክስ አሠርታ አታውቅምና። ለገዛ እናቷ ሌላ ሰው ዋስ ይሁንልኝ ብላ በየሰው ደጅ መለመን ነበረባት። ይህንን አንድ ቀን ቅሬው ላይ ስትናገር ሴቱ ሁሉ ዝም አለ። በሚቀጥለው ወር ደብተር ያልገዛች አልነበረችም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ታክስ ሠሪዎችም ሁልጊዜ አይነግሩንም። ወጪ በበዛ ቁጥር ግብሩ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ለእናት ዋስትና የሚታየውም ያው ከወጪ በኋላ የተረፈው ገቢ ነው። 36 ሺህ ያገኘች ሴት ያላወጣችውን ወጪ እየጨመረች 18 ሺህ ላይ ብታወርደው ግብር ቀነሰላት እንጂ እናቷን አራቀቻት። እኔ የማምነው እውነተኛውን ወጪ አንድም ሳያስቀሩ፣ ያልሆነውንም አንድም ሳይጨምሩ መጻፍ ነው። ከታች የሚፈረመው የሐሰት ምስክርነት ቅጣት እንዳለበት ታውቆ ነው፤ ለዜግነት ስታመለክቺም ታክስ ያላስገባሽበት ዓመት አለ ወይ፣ ያልከፈልሽው ዕዳ አለ ወይ ተብለሽ ትጠየቂያለሽ።

«ገቢዬ ትንሽ ስለሆነ ግብር የለብኝም» የሚለው አነጋገር በእኛ ዘንድ ብዙ ሰው ጎድቷል። የገቢ ግብሩ በእርግጥ ለትንሽ ገቢ ትንሽ ነው። የሚከብደው የራስ ሥራ ግብር የሚባለው ነው፤ የጡረታው ሶሻል ሴኩሪቲና የሕክምናው ሜዲኬር ተደምሮ ከመቶ 15.3። ተቀጥራ ለምትሠራ ሴት ግማሹን አሠሪዋ ይከፍልላታል፣ ግማሹ ከደመወዟ ይቆረጣል። ለራሷ የምትሠራዋ ግን ሁለቱም ግማሽ እሷው ላይ ያርፋል፤ የሚጀምረውም የተጣራ ገቢዋ በዓመት 400 ዶላር ሲደርስ ነው። ቅሬው ላይ በወረቀት እየጻፍኩ ያሳየኋቸው ስሌት ይህ ነው። በ2025 አንዲት ሴት 36,000 ዶላር አገኘች እንበል። ለሳሙና፣ ለጨርቅና ለመሣሪያ 1,400 አወጣች። በደንበኞቿ መካከል 3,000 ማይል ነዳች፤ በዚያ ዓመት በማይል 70 ሳንቲም ስለሚታሰብ 2,100 ይሆናል። ለሥራው ስልክና ኢንሹራንስ 500። የተረፈው 32,000 ነው። ግብሩ የሚሰላው ከዚህ በ92.35 ከመቶው ላይ ስለሆነ 29,552 ይሆናል፤ የዚያ 15.3 ከመቶ 4,521 ዶላር። ላላገባች ሴት የፌዴራል የገቢ ግብሩ በዚህ ላይ አንድ ሺህ ዶላር ገደማ ቢጨምር ነው፤ ከዚያ የቨርጂኒያው ወይም የሜሪላንዱ አለ። ዞሮ ዞሮ ከመቶ ዶላር 20 ዶላር ካስቀመጠች አትቸገርም።

ችግሩ ይህን ያህል ገንዘብ ሚያዝያ ላይ በአንዴ ከየት ይመጣል ነው። መንግሥቱም በአንዴ አይፈልገውም፤ ለራሱ የሚሠራ ሰው በዓመት አራት ጊዜ እየከፈለ እንዲሄድ ይጠብቃል። ቀኖቹ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና የሚቀጥለው ዓመት ጃንዋሪ 15 ናቸው። በየሦስት ወሩ ይባላል እንጂ ከኤፕሪል እስከ ጁን ሁለት ወር ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ለዚህ ነው በእኛ አቆጣጠር የያዝነው። ሰኔ 8 ክረምቱ ሲገባ፣ መስከረም 5 ዘመን መለወጫ ባለፈ ሰሞን፣ ጥር 7 ጥምቀት ሳይደርስ፤ እንዲህ ሲሆን ሴቶቹ አይረሱትም። ያለፈውን ዓመት ግብር ያህል በአራት ከፍላ ያስገባች ሴት በዚህ ዓመት ገቢዋ ቢጨምር እንኳ በእኛ ዓይነት ገቢ ላይ ቅጣት አይመጣባትም። ልዩነቱን ኤፕሪል ላይ ታሟላለች።

«ታዲያ ለምን ባንክ አታስቀምጡትም፣ እቁብ ምን አስፈለገ?» ብለው የሚጠይቁን አሉ። ባንክ ያለ ገንዘብ የራስ ገንዘብ ነው፤ የራስ ገንዘብ ደግሞ ሐራ የታመመ፣ መርሳ የሚዳር፣ ወልድያ ቤቱ የፈረሰበት ሲደውል አይያዝም። «የለኝም» ማለት ውሸት ነው፣ «አለኝ ግን አልሰጥም» ማለት ነውር ነው። «የእቁብ ነው» ሲባል ግን የወሎ ሰው ሁሉ ይገባዋል፤ የእቁብ ብር የሰው ብር ነው፣ ማንም አይቀየምም። እቁቡ የተፈለገው ለዚህ ነው። ከእኛ መካከል ወለድ የማይነኩም ስላሉ የቁጠባ ሒሳብ ለእነሱ አይመችም ነበር፤ እቁብ ግን ወለድ የለበትም።

አሠራሩን ለማስተካከል ጊዜ ወስዶብናል። መጀመሪያ እንደ አገር ቤቱ ዳኛዋ ጋ ይከማች ተብሎ ነበር፤ በአንድ ሰው ስም ያን ያህል ገንዘብ መቀመጡ ግን ለእሷም ለእኛም ጥሩ አልነበረም። አሁን እያንዳንዷ በስሟ ወለድ የሌለው የተለየ አካውንት ከፍታለች። እሁድ ማታ ከሳምንቱ ገቢዋ ከመቶ 20ውን አስገብታ የስልኳን ፎቶ ለጸሐፊዋ ትልካለች፤ ጸሐፊዋ መዝገቧ ላይ ትጽፋለች። ሳታስገባ የቀረች ወይም ከመካከል ያወጣች ለቀጣዩ ቅሬ ቡናውን ከነቁርሱ ትችላለች። የክፍያው ቀን ሲደርስ አንድ ላይ ተቀምጠን በአይ አር ኤስ ዳይሬክት ፔይ በኩል በየስልካችን እንከፍላለን። እንግሊዝኛ የማታነብ ሴት አጠገቧ የምታነብ ትቀመጣለች። ዓመተ ምሕረቱ በትክክል መመረጡ፣ ክፍያው «ግምታዊ ግብር» በሚለው መግባቱ፣ የማረጋገጫ ቁጥሩ ደብተሩ ላይ መጻፉ ይታያል። ጃንዋሪ ላይ የሚከፈለው ላለፈው ዓመት ስለሆነ እዚያ ላይ ሁለት ሁለት ጊዜ እናያለን።

የደንበኞቹ ነገር ሌላው ትልቅ ጉዳይ ነው። በሴቶቹ ዘንድ «1099 ካልሰጡኝ ታክስ መሥራት አልችልም» የሚል እምነት ነበር። በየጃንዋሪው ደንበኛን 1099 የሚባለውን የክፍያ ማረጋገጫ ቅጽ ለመጠየቅ ይጨነቃሉ፤ አንዳንዱ ፈረንጅም ታክስ የሚል ቃል ሲሰማ ደንግጦ ሌላ ሰው ይፈልጋል። እንዲህ ሆኖ ደንበኛ ያጣች ሴት አውቃለሁ። መኖሪያ ቤቱን የሚያስጸዳ ሰው ለጽዳት ሠራተኛዋ 1099 የማውጣት ግዴታ የለበትም። ቅጹ የሚወጣው ለንግድ ሥራ ሲባል ለተከፈለ ገንዘብ ነው። የጥርስ ሐኪሙን ቤት ስታጸጂ የለም፤ ክሊኒኩን ስታጸጂ አለ። ለክሊኒኩ ደብሊው-9 የሚባለውን ቅጽ ሞልተሽ ትሰጪያለሽ፤ እስከ 2025 በዓመት 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ከከፈለሽ 1099-ኤንኢሲውን ይልክልሽ ነበር። በ2025 የወጣው የታክስ ሕግ ከ2026 ጀምሮ ለሚከፈለው ይህን መነሻ ወደ 2,000 ዶላር ከፍ አድርጎታል። ወረቀት መጣም አልመጣም ገቢው ገቢ ነው፤ በደብተር የተጻፈው ነው የሚታመነው። መነሻው ከፍ ሲል ከደንበኛ የሚመጣው ወረቀት ይቀንሳል፣ የራሷ ደብተር ደግሞ ለእያንዳንዷ የበለጠ ያስፈልጋታል።

ይህ ሁሉ ግን በእውነት ለራሷ ለምትሠራ ሴት ነው። ብዙ ቤት ያላት፣ ሰዓቷን ራሷ የምትወስን፣ ቫኪዩሟንና ሳሙናዋን ይዛ የምትሄድ፣ ሲቸግራት ሌላ ሰው የምትልክ ሴት ለራሷ ነው የምትሠራው። አንዲት የወልድያ ልጅ ያጋጠማት ግን እንዲህ አልነበረም። በሳምንት አራት ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አንድ ቤት ብቻ ነው የምትሠራው። ቫኪዩሙ የእነሱ፣ ሳሙናው የእነሱ። ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ተለጥፎላታል፦ ማክሰኞ አንሶላ፣ ረቡዕ መስኮት፣ ሐሙስ ምድር ቤቱ፤ ወለሉ በየትኛው ፈሳሽ እንደሚወለወል ሳይቀር። ጃንዋሪ ላይ 1099 ሰጧት። ይህ ልክ አይደለም። የአይ አር ኤስ ጽሑፍ ቁጥር 926 በግልጽ ይናገራል፤ ምን እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚሠራ የሚወስነው ባለቤቱ ከሆነ ሠራተኛዋ ተቀጣሪ ናት። በ2025 ለአንዲት ሠራተኛ 2,800 ዶላርና ከዚያ በላይ በጥሬው የከፈለ ቤተሰብ 7.65 ከመቶውን ከራሱ አክሎ፣ 7.65ቱን ከእሷ ቆርጦ፣ ስኬጁል ኤች በሚባለው ቅጽ ከራሱ የታክስ ወረቀት ጋር ያስገባል፤ ለእሷም ደብሊው-2 የሚባለውን የደመወዝ ወረቀት ይሰጣታል። 1099 ሲሰጧት ያን ግማሽ እሷ ላይ ጣሉት ማለት ነው። በዓመት 30 ሺህ ለምታገኝ ሴት ይህ ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ የአንድ ወር ኪራይ ያህል።

ዋሽንግተን ውስጥ ይህን ነገር ማንሣት ከሌላው ከተማ ይቀላል፤ ምክንያቱም ታሪክ አለው። በጃንዋሪ 1993 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት ያጩአቸው ዞዪ ቤርድ፣ የሥራ ፈቃድ የሌላቸው ባልና ሚስት ቤታቸው ቀጥረው የሶሻል ሴኩሪቲ ግብር ሳይከፍሉ መቅረታቸው ስለታወቀ ከዕጩነት ወጡ። ቢሾሙ በዚያ ወንበር የመጀመሪያዋ ሴት ይሆኑ ነበር። በ1994 ኮንግረሱ ሕጉን አሻሻለ፤ በየሩብ ዓመቱ 50 ዶላር የነበረውን መነሻ በዓመት 1,000 አደረገውና ክፍያውም ከባለቤቱ የግል ታክስ ጋር እንዲገባ ፈቀደ። የ2025ቱ 2,800 በየጊዜው ከደመወዝ ዕድገት ጋር እያደገ የመጣው ያ ነው። በዚህ ከተማ ለመንግሥት ሹመት ወይም ለምሥጢራዊ ሥራ ፈቃድ የሚመረመር ሰው ብዙ ነው፤ የቤት ሠራተኛው ግብር እንደሚጠየቅ ያውቃል። ለወልድያዋ ልጅ አሠሪዎች አጭር ደብዳቤ አብረን ጻፍን። ክስ አላነሣንም፤ የሥራዋን ሁኔታ ዘረዘርንና ጽሑፍ 926ን አያይዘን ደብሊው-2 ጠየቅን። ከሒሳብ ሠሪያቸው ጋር ተነጋግረው ተስማሙ። ባይስማሙ ኖሮ ኤስኤስ-8 በሚባለው ቅጽ አይ አር ኤስ እንዲወስን መጠየቅ፣ በ8919 ደግሞ የራሷን ግማሽ ብቻ መክፈል ትችል ነበር። ይህን መንገድ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው እዚህ የጻፍኩት።

ብዙ ሰው እናቱን ካመጣ በኋላ ደብተሩን ይተወው ይሆናል ብዬ ሰግቼ ነበር። አልተዉትም፤ ምክንያቱ እትዬ ናቸው። ዕድሜያቸው ደርሶ ለጡረታ ሲያመለክቱ አርባ ነጥብ ያስፈልጋል ተባሉ። ነጥቡ የሚገኘው በገቢ ነው፤ በ2025 አንዱ ነጥብ 1,810 ዶላር ነበር፣ በዓመት ከአራት አይበልጥም። በዚያ ዓመት የራስ ሥራ ግብር የተሰላበት 7,240 ዶላር ገቢ በወረቀት ያሳየች ሴት አራቱንም ታገኝ ነበር፤ በየዓመቱ አራት እያገኘች ዐሥር ዓመት ከሆናት አርባ ሞላት። አርባ ከሞላ በ65 ዓመት የሜዲኬር የሆስፒታሉ ክፍል ያለ ወርኃዊ ክፍያ ይመጣል። ኢትዮጵያና አሜሪካ የሥራ ዘመንን የሚደምር ስምምነት የላቸውም፤ አገር ቤት የተሠራው ዓመት እዚህ አይቆጠርም፣ የሳዑዲውም እንዲሁ። እትዬ ደብተሩን ከመጀመራቸው በፊት በካሽ የሠሩባቸውን ዓመታት ለማስገባት ጠይቀው ነበር። ለራሱ የሚሠራ ሰው ገቢውን ማስመዝገብ የሚችለው ዓመቱ ካለቀ በሦስት ዓመት ከሦስት ወር ከዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ ነው፤ ከዚያ ያለፈው አይመለስም። እነዚያን ዓመታት አጡ፤ አርባውን የሞሉት ደብተር በያዙባቸው ዓመታት ብቻ ነው። አሁን በየወሩ የሚገባላቸው ገንዘብ ከዚያ ከተጠገነ ደብተር የወጣ ነው። ይህን ቅሬው ላይ ሲናገሩ ወጣቶቹ ስልካቸውን አውጥተው የሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ ላይ ስንት ነጥብ እንዳላቸው ማየት ጀመሩ። አንዳንዷ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሠርታ ሰባት ነጥብ ነው ያላት።

ከሲያትል የደወለችው እህት «ከእቁቡ ልጀምር ወይስ ከታክስ ሠሪው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከሁለቱም አትጀምሪ፣ ከደብተሩ ጀምሪ አልኳት። ዛሬ ያጸዳሽውን ቤት ጻፊ፤ ቀን፣ ቦታ፣ ስንት፣ በምን ተከፈለሽ፣ ከቤት ቤት ስንት ማይል። ከዚያ ያለፉትን ሦስት ዓመታት የባንክ ወረቀት አውጪና ያልገባውን ለይተሽ ለታክስ ሠሪሽ ስጪ፤ የጊዜ ገደቡ ያላለፈውን አስቀድሚ። እቁቡ የሚመጣው የምትተዋወቁ አምስት ስድስት ሴቶች ስትሆኑ ነው፤ ሲጀመር ብዙ ሰው አታስገቡ። ዋሽንግተን ስቴት በእኛ ዓይነት ገቢ ላይ የግል ገቢ ግብር ስለማይጥል ከመቶ 20 ማስቀመጥ እናንተ ዘንድ ይበዛል፣ 18 ይበቃችኋል። መስከረም 5 ሳይደርስ ብትጀምሩ ለጥር 7 በቂ ጊዜ ይኖራችኋል።